ኬክ ኬክ የሚለው ካናቢስ፦ ስለ ጣፋጭ መዓዛው የሚወራውና እውነታው

በዴንቨር፣ በሲያትል ወይም በሎስ አንጀለስ ፈቃድ ያለው የካናቢስ መደብር የገባ ሰው በመስታወቱ ውስጥ ተደርድረው የሚያነባቸው ስሞች የጣፋጭ ስሞች ናቸው፦ ዌዲንግ ኬክ፣ ጄላቶ፣ ኩኪስ፣ ሰንሴት ሸርበት፣ አይስክሪም ኬክ። ብልቃጡ ሲከፈትም መዓዛው ከስሙ ጋር የሚሄድ ይመስላል። አንዱ ቫኒላ ቫኒላ ይላል፤ ሌላው የብርቱካን ከረሜላ፤ ሦስተኛው ደግሞ የበሰለ የፍራፍሬ ሽታ አለው።

ኮሎራዶ ካናቢስ በመደብር እንዲሸጥ የፈቀደችው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2014 ጀምሮ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዋሽንግተን ስቴት በዚያው ዓመት በጁላይ፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ በ2018 መጀመሪያ ተከተሉ። በሦስቱም ግዛቶች ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ታክሲ የሚነዳው፣ ሆቴል የሚሠራው፣ ልጅ የሚያሳድገው ሁሉ ይህን ሽታ በየመንገዱ ያገኘዋል፤ ስለ ሽታው የሚወራውንም አብሮ ይሰማል። ወሬው በስልክ አገር ቤትም ይደርሳል። በኢትዮጵያ ሕግ ካናቢስን ማብቀልም፣ መያዝም፣ ማዘዋወርም ወንጀል እንደሆነ ይታወቃል።

እዚህ የማነሣው መዓዛውን ነው። ሰዎች ከመዓዛው ተነሥተው ስለ ተክሉ ኃይል፣ ስለ ጥራቱና ስለ ደኅንነቱ የሚሰጡት ፍርድ አብዛኛው ስሕተት ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ አንዳንዱ ስሕተት ደግሞ ሰው ሆስፒታል ያስገባል።

«ከቫኒላ ጋር አዳቅለውት ነው»

አይደለም፤ ሊሆንም አይችልም። ቫኒላ የኦርኪድ ቤተሰብ ተክል ነው። ካናቢስ ከሌላ ቤተሰብ ነው፤ የቅርብ ዘመዱ ቢራ የሚጠመቅበት ሆፕስ ነው። (የእኛ ጌሾ ለጠላና ለጠጅ የሆፕስን ሥራ ቢሠራም ከሁለቱም የተለየ ቤተሰብ ነው፤ ይህን ደጋግመው የሚያሳስቱ ጽሑፎች ስላሉ በዚሁ ላንሣው።) እንዲህ የተራራቁ ዕፅዋት የአንዱ ብናኝ በሌላው አበባ ላይ ቢያርፍ ዘር አይሰጥም። የካናቢስ አዳቃዮች የሚያዳቅሉት ካናቢስን ከካናቢስ ጋር ብቻ ነው።

የጣፋጮቹን መስመር የከፈተው ኩኪስ የሚባለው ዝርያ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ በ2010 ገደማ የወጣ ነው። ኦጂ ኩሽ ከተባለው የአሜሪካ ዝርያና ስሙን ከደቡብ አፍሪካዋ የደርባን ከተማ ከወሰደው ደርባን ፖይዘን እንደተገኘ አዳቃዮቹ ይናገራሉ። ጄላቶ ከሰንሴት ሸርበትና ከኩኪስ ልጆች ከአንዱ ተወለደ፤ ዌዲንግ ኬክም ትራያንግል ኩሽና አኒማል ሚንትስ ከተባሉት ነው ይባላል። «ይባላል» የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ሙያ ለአሥርተ ዓመታት ከሕግ ተደብቆ ስለኖረ የዘር ሐረጉ በአብዛኛው በአፍ የተላለፈ እንጂ በመዝገብ የተጻፈ አይደለም።

መዓዛው የሚመጣው ከምርጫ ነው። አዳቃዩ ሁለት ወላጆችን ካገናኘ በኋላ ከዘሩ ብዙ ተክሎችን ያበቅላል። ወንድምና እህት የሆኑት ተክሎች አንድ ዓይነት አይሸቱም፤ አንዱ ቤንዚን፣ አንዱ ሎሚ፣ አንዱ ቅመም፣ ከብዙዎቹ አንዱ ደግሞ ጣፋጭ ጣፋጭ ይላል። አዳቃዩ አበባውን በጣቱ አሽቶ እያሸተተ የወደደውን ይለያል፤ የቀረውን ይጥላል። የተመረጠውን በዘር ቢያባዛው መዓዛው እንደገና ስለሚበታተን በቁራጭ ያባዛዋል። እንዲህ የተባዛው ሁሉ በዘረ መሉ አንድ ተክል ነው። ቀደም ባሉት አሥርተ ዓመታት ገበያው የሚፈልገው የሚከረፋውን፣ አፍንጫ የሚወጋውን ነበር። ከ2010 ወዲህ ጣፋጩ ተፈላጊ ሲሆን አዳቃዮችም በዚያው አቅጣጫ መረጡ።

ያረጀ፣ መዓዛው የጠፋ አበባ ላይ ሽታ የሚነፉ ነጋዴዎች የሉም ማለቴ አይደለም፤ አሉ። ያ ማጭበርበር ነው። ከሕያው ተክል ላይ የሚሸተውን ጣፋጭ መዓዛ ግን አያስረዳም።

«ጣፋጩን የሚያመጡት ተርፒኖች ናቸው»

ይህን ተረት ከሌሎቹ አስቸጋሪ የሚያደርገው ግማሽ እውነት ያለበት መሆኑ ነው። መለያ ወረቀት ላይ ታትሟል፤ በመደብር ሠራተኞች ሥልጠና ይነገራል፤ ብዙ የተማረ ሰውም ያምነዋል።

ተርፒኖች ዕፅዋት የሚሠሯቸው በቀላሉ የሚተኑ ውህዶች ናቸው። የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ዘይት አብዛኛው ሊሞኒን ነው። የድንብላል ፍሬ ዘይት ከግማሽ በላይ ሊናሉል ነው። ካሪዮፊሊን በቁንዶ በርበሬና በቅርንፉድ ውስጥ አለ፤ ሚርሲን በሆፕስና በማንጎ፤ ፓይኒን በጥድ። በካናቢስ አበባ ላይ እነዚህን የሚያመርቱት በዓይን ነጭ ብናኝ መስለው የሚታዩት ጥቃቅን ባለ እጢ ፀጉሮች ናቸው፤ አእምሮ የሚያናውጠው ቲኤችሲ መነሻውም እዚያው እጢ ውስጥ ይሠራል። በደረቅ አበባ ውስጥ ተርፒኖቹ ሁሉ ተደምረው ብዙ ጊዜ ከክብደቱ ከ1 እስከ 3 በመቶ ይሆናሉ። ለሽታ ውህድ ይህ ብዙ ነው። ብዙ ስለሆኑም ለመለካት ይቀላሉ። ላቦራቶሪው የሚቀለውን ለካ፤ መደብሩ የተለካውን ጻፈ፤ ገዢውም የተጻፈውን የመዓዛው ምክንያት አድርጎ ያዘው።

ታዲያ ምክንያቱ እነሱ ከሆኑ ተመሳሳይ ተርፒን በተመሳሳይ መጠን የያዙ ሁለት አበቦች ለምን አንዱ ነጭ ሽንኩርት፣ ሌላው ከረሜላ ይሸታሉ? ካሪዮፊሊንና ሊሞኒን የሚበዙበት ቡድን ውስጥ ኩኪስም አለ፣ እንደ ነዳጅ የሚከረፉም አሉ።

መልሱ መምጣት የጀመረው በ2021 ነው። በካሊፎርኒያ አብስትራክስ በተባለ ድርጅት የሚሠሩ፣ በአየን ኦስዋልድ የሚመሩ ኬሚስቶች የአሜሪካ ኬሚስትሪ ማኅበር በሚያሳትመው ኤሲኤስ ኦሜጋ መጽሔት ላይ የካናቢስን የታወቀ የመክረፋት ሽታ ምንጭ ይፋ አደረጉ። ምንጩ ተርፒን ሳይሆን ድኝ ያዘሉ ውህዶች ሆነው ተገኙ፤ ዋናው ሦስት ሜቲል ሁለት ቡቲን አንድ ታዮል የሚባለው ነው። ስካንክ የተባለችው የአሜሪካ አውሬ ጠላቷን የምትረጭበት ፈሳሽ ዘመዶቹን ይዟል። የቢራ ጠማቂዎች ይህን ውህድ ቀድመው ያውቁታል፤ በነጭ ወይም በአረንጓዴ ጠርሙስ የታሸገ ቢራ ፀሐይ ሲያገኘው ከሆፕሱ የሚወጣውና ቢራውን የሚያከረፋው ይኸው ራሱ ነው።

ሁለተኛው ጥናታቸው በ2023 በዚያው መጽሔት ወጣ፤ የጣፋጩ ጉዳይ የተፈታው በዚህ ነው። መዓዛቸው እጅግ የተራራቁ ዝርያዎችን ወስደው በመሣሪያም በሰው አፍንጫም መረመሩ። የተርፒኖቹ መጠን በሁሉም ውስጥ በሚገርም ሁኔታ ተቀራረበ። የተለያዩት በጣም ጥቂት በሆኑትና ማንም በመለያ ላይ በማይጽፋቸው ውህዶች ነበር። ብርቱካንማና የሞቃት አገር ፍራፍሬ መዓዛ ባላቸው ዝርያዎች ውስጥ ሌላ ዓይነት የድኝ ውህዶች ተገኙ፤ ሦስት መርካፕቶሄክሲል የሚባል የጋራ ክፍል ያላቸው። በጣፋጮቹ ውስጥ ደግሞ ኤስተሮችና አልኮሎች በርከት አሉ። ኬሚካል ኬሚካል በሚሉት ዝርያዎች ውስጥ ስካቶል የተባለው ውህድ ወጣ።

ስካቶል በዓይነ ምድር ውስጥ የሚገኝ ውህድ ነው። ዘመዱ ኢንዶል ብዙ ሲሆን ይገማል፤ በጣም ጥቂት ሲሆን ግን የጃስሚን አበባን መዓዛ ያሟላል። የመርካፕቶሄክሲል ቤተሰብም እንዲሁ ነው። በፓሽን ፍሩትና ሶቪኞን ብላን በተባለው ነጭ የወይን ጠጅ ውስጥ የሚሸተን የፍራፍሬ መዓዛ ከእነሱ ነው፤ መጠናቸው ከፍ ሲል ግን ላብና የድመት ሽንት ይሸታሉ። ጣፋጭና የሚከረፋ የምንላቸው ሽታዎች ብዙ ጊዜ የሚለያዩት በመጠን ነው፤ ይህን ያልተረዳ ሰው የመዓዛን ኬሚስትሪ አልጀመረውም።

እንዴት ይህን ያህል ጥቂት ነገር ብዙውን ይሸፍናል? አፍንጫችን ሁሉንም ውህድ እኩል ስለማይሰማ ነው። የቡናን ነገር እናንሣ። የተቆላ ቡና ውስጥ 1,000 ገደማ ተናኝ ውህዶች ተቆጥረዋል፤ ጀበናው ሲፈላ «ቡና ነው» እንድንል የሚያደርገን ግን ፉርፉሪል ታዮል የተባለ የድኝ ውህድ ሲሆን በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ1 ግራም 100 ሚሊዮንኛ እጅ ቢገኝ አፍንጫ ይለየዋል። የግሬፕፍሩት መዓዛ ቁልፍ የሆነው ታዮል ደግሞ ከዚያም ባነሰ መጠን ይሸታል። ሊሞኒን በዚህ መጠን ቢኖር ማንም አያውቀውም።

ወጥ ሠሪ ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልጋትም። በድስቱ ውስጥ የሚበዛው ሽንኩርት ነው፤ ወጡ ግን የሚታወቀው በመጨረሻ ጣል በተደረገችው መከለሻ ነው። ሽንኩርቱን ብቻ መዝኖ የወጡን መዓዛ እነግራችኋለሁ የሚል ሰው የካናቢስ መለያ ወረቀት ያጻፈውን ሰው ይመስላል። ያለ ሽንኩርት ወጥ እንደሌለው ሁሉ ተርፒኖቹም ያለ ሥራ አይደሉም። የሎሚነቱን፣ የቅመምነቱን፣ የአበባነቱን መደብ የሚጥሉት እነሱ ናቸው። በኩኪስ ቤተሰብ የሚበዛው ካሪዮፊሊን የቁንዶ በርበሬና የቅርንፉድ ጠባይ ስላለው ጣፋጩን የተቀመመ ያስመስለዋል ብዬ አምናለሁ። በመደቡ ላይ ጣፋጩን የሚስሉት ግን ጥቂቶቹ ናቸው።

ኤስተሮች አሲድና አልኮል ሲጣመሩ የሚገኙ ናቸው። አይሶአሚል አሴቴት ሙዝ ሙዝ ይላል፤ ኤቲል ቡቲሬት አናናስ፤ ኤቲል ሄክሳኖዌት ፖም። የከረሜላ ፋብሪካዎች ከመቶ ዓመት በላይ የተጠቀሙባቸው እነዚህኑ ስለሆነ አንድ ተክል ኤስተር ሲያወጣ «ከረሜላ» የሚል ስም ቢሰጠው አይገርምም፤ አፍንጫ ከረሜላን የሚያውቀው በእነሱ ነው።

አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም፤ ጥናቱን የሠራው ድርጅት የመዓዛ ቅይጥ የሚሸጥ ስለሆነ በውጤቱ ጥቅም አለው። ሆኖም ሥራው በባለሙያዎች ተገምግሞ የወጣ ነው፤ ያገኘውም ነገር በቡና፣ በወይን ጠጅና በፍራፍሬ ኬሚስትሪ ለብዙ ዘመን ከሚታወቀው ጋር ይስማማል። ስለዚህ እቀበለዋለሁ።

«ጣፋጭ የሚሸተው ስኳር ስላለበት ነው»

ስኳር አይሸትም። በክፍል ሙቀት አይተንም፤ ያልተነነ ነገር አፍንጫ ጋ አይደርስም። «ሞላሰስ ሥሩ ላይ ካፈሰስክ አበባው ይጣፍጣል» የሚለው የአብቃዮች ወሬም ከዚሁ የመጣ ነው። ሞላሰስ በአፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያንን ይመግባል፤ ጣፋጭነቱ በግንዱ ተጉዞ አበባው ላይ አይወጣም።

ይልቅ የሚደንቀው ጣፋጭነት የምላስ ጉዳይ ሆኖ ሳለ ሽታን «ጣፋጭ» ማለታችን ነው። በ1990ዎቹ የአውስትራሊያ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሪቻርድ ስቲቨንሰን፣ ጆን ፕሬስኮትና ሮበርት ቦክስ ለሰዎች እንግዳ የሆኑ ሽታዎችን ከስኳር ውሃ ጋር ደጋግመው አጠጡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሽታዎቹ ብቻቸውን ሲቀርቡ ሰዎቹ «ጣፋጭ» አሏቸው። ከኮምጣጣ ጋር የቀረቡትን ደግሞ «ኮምጣጣ» አሏቸው። ቫኒላ ጣፋጭ የሚሸተን ከልጅነታችን ጀምሮ ከብስኩትና ከአይስክሪም ጋር ስለተዋወቅነው ነው፤ ቫኒሊን ራሱ ቢቀመስ መራራ ነው። በዚህ ምክንያት አንዲት የካናቢስ አበባ ለካሊፎርኒያ ወጣት ኬክ፣ ለጎንደር እናት ደግሞ ድንብላልና በሶብላ ብትሸት ሁለቱም ልክ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የሚያሸቱት በተማሩበት ማዕድ ነው።

ስሙም ሥራ አለው። ሬቸል ኸርዝና ጁሊያ ፎን ክሌፍ በ2001 ባወጡት ሙከራ አንድን ሽታ አንድ ጊዜ «የፓርሜዛን አይብ» ሌላ ጊዜ «ትውከት» ብለው አቀረቡ። ሽታው አንድ ነበር፤ በመጀመሪያው ስም ሲቀርብ ሰዎች ወደዱት፣ በሁለተኛው ሲቀርብ ፊታቸውን አዞሩ። በዚያው ዓመት በታተመ የፈረንሳይ ቦርዶ ሙከራ ነጭ ወይን ጠጅ ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ ተደርጎ ለወይን ጠጅ ተማሪዎች ቀረበ፤ የቀይ ወይን ጠጅ መዓዛዎችን ቆጠሩለት። እውነተኛ ኬክ መዓዛውን የሚያገኘው ዱቄቱ፣ ቅቤውና ስኳሩ በምድጃ ሙቀት ሲለዋወጡ ነው፤ ምድጃ ያልገባ ተክል ይህን ሁሉ አይሠራም። «ዌዲንግ ኬክ» የሚል ጽሑፍ አንብቦ ብልቃጥ የከፈተ ሰው ግን የጎደለውን በራሱ ትዝታ ይሞላዋል።

«ስሙ አንድ ከሆነ መዓዛውም አንድ ነው»

በሕግ የተጠበቀ የዝርያ ስም ቢሆን ኖሮ ለእውነት በቀረበ ነበር። በሰሜን ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ አና ሽዋቤና ሚቸል መክላክሊን በ2019 ባወጡት ጥናት ከኮሎራዶ፣ ከካሊፎርኒያና ከዋሽንግተን መደብሮች ናሙናዎች ገዝተው ዘረ መላቸውን መረመሩ፤ አንድ ስም የያዙ ናሙናዎች ብዙ ጊዜ አንድ ዝርያ አልነበሩም። በ2022 በፕሎስ ዋን መጽሔት የወጣው ደግሞ በስድስት የአሜሪካ ግዛቶች የተመረመሩ ወደ 90,000 የሚጠጉ ናሙናዎችን አይቶ ገበያው ላይ ያለው ሁሉ በተርፒን ረገድ በሦስት ትልልቅ ቡድኖች እንደሚጠቃለልና መደብሮች የሚጽፏቸው «ኢንዲካ»፣ «ሳቲቫ» የሚሉት መለያዎች ከኬሚስትሪው ጋር እንደማይገጥሙ አሳየ።

ስሞቹን ያመጣቸው ንግድ ነው፤ ፍርድ ቤትም አድርሷቸዋል። የአሜሪካ የልጃገረዶች ስካውት ማኅበር በብስኩቱ ስሙ ስለሚታወቅ ኩኪስ የሚባለውን ዝርያ በማኅበሩ ስም ይሸጡ ለነበሩ መደብሮች በ2017 ማስጠንቀቂያ ጻፈ፤ ብዙዎቹ ስሙን በሦስት ፊደል አሳጠሩት። ስኪትልስ ከረሜላን የሚሠራው ሪግሊ ደግሞ ዝኪትልዝ በሚል ስም የሚሸጡትን በ2021 ከሰሰ።

አንድ ስም፣ አንድ ተክል እንኳ ቢሆን መዓዛው አይጸናም። በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ሮስና ኤልሶሊ በ1996 እንዳሳዩት ትኩስ አበባ አንድ ሳምንት ሲደርቅ ከተናኝ ዘይቱ 31 በመቶውን፣ በሦስት ወር ደግሞ ከግማሽ በላዩን ያጣል። ቀድመው የሚያመልጡት ቀለል ያሉት፣ ሎሚማና አበባማ የሆኑት ናቸው።

«ጣፋጭ የሚሸተው ለስላሳ ነው»፣ «ክፉኛ የሚሸተው ኃይለኛ ነው»

ሁለቱም ይባላል፤ ሁለቱም መሠረት የለውም። ቲኤችሲ ራሱ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። አነፍናፊ ውሻ እንኳ የሚከተለው ቲኤችሲን ሳይሆን እንደ ካሪዮፊሊን ኦክሳይድ ያሉ ተናኞችን ነው። ጣፋጭ የሚሸተው አበባ እጅግ ከፍተኛ ቲኤችሲ ሊኖረው ይችላል፤ ዛሬ በገበያው ያሉት የጣፋጭ ዝርያዎች አብዛኞቹም እንደዚያ ናቸው። ስለ ኃይሉ አፍንጫ ምስክር አይሆንም።

ከዚህ የሚቀጥለው ወሬ ሚርሲን ከግማሽ በመቶ ካለፈ ያስተኛል፣ ማንጎ ቀድሞ መብላት ስካሩን ያበረታል የሚለው ነው። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ይገለበጣል እንጂ በሰው ላይ ተሞክሮ የተረጋገጠ አይደለም። ስለ ሽታ ውህዶች በሰው ላይ በጥንቃቄ ከተሠሩት ጥቂት ሙከራዎች አንዱ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በ2024 ታተመ። ንጹሕ ሊሞኒን ከቲኤችሲ ጋር በእንፋሎት ሲወሰድ ቲኤችሲ የሚያመጣው ጭንቀት ቀነሰ። የተሳታፊዎቹ ብዛት 20 ገደማ ነበር፤ ጭንቀቱ ጎልቶ የቀነሰውም በከፍተኛው የሊሞኒን መጠን ነው። ተስፋ የሚሰጥ ጅምር ነው። ሎሚ ሎሚ የሚል አበባ ጭንቀት አያመጣም የሚል ፈቃድ ግን ከዚህ አይወጣም።

«ለምግብ የተፈቀደ መዓዛ ለሳንባ ምን ያደርጋል?»

ከሁሉም ተረቶች አደገኛው ይህ ነው። ሆድና ሳንባ አንድ አይደሉም። የቅቤ መዓዛ የሚሰጠው ዳይአሴቲል በምግብ ውስጥ ለዘመናት ተበልቷል፤ በ2000 ግን በሚዙሪ ግዛት በአንድ የፈንዲሻ ፋብሪካ ሲተነፍሱት የነበሩ ሠራተኞች ትንንሽ የአየር ቧንቧዎቻቸው ጠባሳ ይዘው በማይድን የሳንባ በሽታ መያዛቸው ታወቀ።

ጣፋጭ ስም ያላቸው የእንፋሎት ካርትሪጆች በ2019 ያደረሱት ጥፋት ከዚህ ይከፋል። እስከ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2020 ድረስ በአሜሪካ 2,807 ሰዎች እንፋሎት በመሳብ በመጣ የሳንባ ጉዳት ሆስፒታል መግባታቸው ወይም መሞታቸው ተመዘገበ፤ የሞቱት 68 ነበሩ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማእከል ምርመራ በዋናነት ያመለከተው ቫይታሚን ኢ አሴቴትን ነው፤ በጥቁር ገበያ የቲኤችሲ ዘይት ለማብዛት የሚጨመር፣ በቅባትነቱ ከዘይቱ የማይለይ፣ በቆዳ ቅባትና በኪኒን መልክ ሲወሰድ የማይጎዳ ነገር። ገዢዎቹ ያሸተቱት ፍራፍሬና ከረሜላ ነበር። ሽታው ስለ መርዙ ምንም አልነገራቸውም።

ተርፒኖቹም ቢሆኑ በሙቀት ይለወጣሉ። በኦሪገን የፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች በ2017 እንዳሳዩት የካናቢስ ሙጫ በጋለ ብረት ላይ ሲተን ተርፒኖቹ ተሰብረው ሜታክሮሊንንና ቤንዜን (benzene) የሚባለውን የካንሰር መንስኤ ሊፈጥሩ ይችላሉ፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር መርዙም ይጨምራል። «ከተፈጥሮ የተገኘ ነው» የሚለው ቃል ለዚህ መልስ አይሆንም።

«በሕግ የሚሸጥ፣ የጣፋጭ ስም ያለው ነገር ምን ያጣላል?»

በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች ይህን እንድታውቁ እፈልጋለሁ። የመደብሩ ፈቃድ የግዛቱ ነው፤ በፌዴራል ሕግ ካናቢስ ዛሬም የተከለከለ ነው። የአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ ግዛቱ ቢፈቅድም ካናቢስን መጠቀም፣ መያዝ ወይም በካናቢስ መደብር መሥራት ዜግነት ለሚጠይቅ ሰው የመልካም ጠባይ መስፈርትን ሊያሰናክል እንደሚችል አስፍሯል። ኬክ ወይም ብስኩት የሚል ስም ይህን አያቀለውም። ማመልከቻ ያለው ሰው ከመደብሩ በፊት ጠበቃ ጋ ይሂድ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ልጆች ናቸው። በፍራፍሬና በቸኮሌት መዓዛ የሚዘጋጁት የሚበሉ የካናቢስ ምርቶች ጣፋጭ የሚሸቱት ከተክሉ ሳይሆን ከተጨመረው የመዓዛ ቅመም ነው፤ ልጅ ደግሞ በመዓዛና በመልክ ከከረሜላ አይለያቸውም። በ2023 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እንደሚለው ከ6 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች እነዚህን በልተው ለአሜሪካ የመርዝ መረጃ ማእከሎች የደረሱት ጥሪዎች በ2017 ከነበሩት 207 ተነሥተው በ2021 ወደ 3,054 አድገዋል። አብዛኞቹ ልጆች ያገኙት እዚያው ቤታቸው ነው። ለአዋቂ ተመጥኖ የተሠራ አንድ ቁራጭ ሕፃንን ለሰዓታት ሊያደነዝዝ፣ አንዳንዴም አተነፋፈሱን ሊያውክ ይችላል፤ የተበላ ደግሞ ከተጨሰ ዘግይቶ ስለሚሠራ ልጁ መጀመሪያ ደኅና ይመስላል።

እናንተ ባትጠቀሙም የቤት ተጋሪ፣ ተከራይ ወይም እንግዳ ሊኖረው ይችላል። በቤታችሁ ካለ በቁልፍ፣ ከልጅ እጅ በራቀ ቦታ፣ ከምግብና ከብስኩት ተለይቶ ይቀመጥ፤ ለእንግዳም ይህንኑ ያለ ሐፍረት ንገሩት። ልጅ በልቶ ከሆነ ነገሩን መደበቅ ሕክምናውን ያዘገያል እንጂ ማንንም አይጠቅምም። አሜሪካ ውስጥ የመርዝ መረጃ መስመሩ 1-800-222-1222 ነው፤ ቀንና ሌሊት ይሠራል፣ በአስተርጓሚም ያነጋግራል። ልጁ አልነቃ ካለ ወይም መተንፈስ ካቃተው በቀጥታ 911 ደውሉ።